«ስልክ እየነካካ ያደገ ኮምፒውተር አያቅተውም» እና ሌሎች ስህተቶች

ሐዋሳ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን በኦንላይን ኮርሶቻቸው ላይ ሳግዝ፣ ከወላጅም ከመምህርም ደጋግሜ የምሰማቸው አባባሎች አሉ።

«የዛሬ ልጅ ቴክኖሎጂ ማን ያስተምረዋል? ራሱ ያውቀዋል።»
አሜሪካዊው የትምህርት ጸሐፊ ማርክ ፕሬንስኪ በ2001 እ.ኤ.አ. ከቴክኖሎጂ ጋር ያደገውን ትውልድ «ዲጂታል ተወላጅ» ካለው ወዲህ ሐሳቡ የተረጋገጠ እውነት መስሏል። እኔ ግን የቴሌግራም ቻናል የምታስተዳድር የሁለተኛ ዓመት ተማሪ አውቃለሁ። አሳይመንቷን በዎርድ ጽፋ ሴቭ ካደረገች በኋላ ፋይሉ የት እንደገባ አጣችው። ስልኳ ፎልደር ውስጥ ግቢ ብሏት አያውቅማ! ስትፈልግ የማስረከቢያው ሰዓት አለፈ። ከዚያ በኋላ ኮርሱን አልከፈተችም። ለምን ሲሏት «ደበረኝ» ነው መልሷ። መምህሯ ስንፍና ነው አለ፤ እኔ ሴቭ የማድረግ ችግር ነው እላለሁ።

«ኮርስ ያቋረጠ ሰነፍ ነው።»
ለሁሉም ክፍት ከሆኑት የሃርቫርድና የኤምአይቲ ኦንላይን ኮርሶች፣ በ2017/18 እ.ኤ.አ. ከተመዘገቡት 100 ሰዎች የጨረሱት 3 ገደማ ናቸው። በእርግጥ ብዙዎቹ «እስቲ ልየው» ብለው የገቡ ናቸው፤ ቢሆንም የቀሩትን 97ቱን ሁሉ ሰነፍ ማለት ይከብዳል። ኤድዋርድ ዴሲ እና ሪቻርድ ራያን የተባሉት የሥነ ልቦና ምሁራን የሰው ተነሳሽነት ሦስት ነገር ይፈልጋል ይላሉ፦ በራስ ምርጫ መሥራት፣ «እችላለሁ» የሚል ስሜት፣ ከሰው ጋር መተሳሰር። ያቺ ልጅ ያጣችው ሁለተኛውን ነው። «ጠንክሪ» የሚል ምክር ደግሞ የጠፋ ፋይል አያገኝም።

«ቪዲዮውን ደጋግሞ ያየ ገባው።»
ሮዲገር እና ካርፒክ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ጽሑፉን ሁለቴ ያነበቡ ተማሪዎች ከሳምንት በኋላ 42 በመቶውን አስታወሱ። አንዴ አንብበው ሳያዩ ለመጻፍ የሞከሩት ግን 56 በመቶውን። እንግዲህ በሌሊት ፓኬጅ ዳውንሎድ የተደረገውን ቪዲዮ አንዴ አይቶ፣ ዘግቶ፣ ደብተር ላይ መሞከር ይሻላል። ዳታም ይቆጥባል።

«ኦንላይን መማር ማለት ብቻን መማር ነው።»
አቶቴ አካባቢ ካፌ ውስጥ ሦስት ልጆች በአንድ ሆትስፖት፣ በአንድ ላፕቶፕ ላይ ተደፍተው ሲከራከሩ ላየ ይህ አይዋጥለትም። ያቺም ልጅ ወደ ኮርሷ የተመለሰችው በእኔ ምክር አይደለም። የዶርም ጓደኛዋ «ዶክዩመንትስ» የሚለውን ከፍታ አሳየቻት። ፋይሉ እዚያው ነበር።