የልጆች ልደት በአዲስ አበባ፦ ከድፎ ዳቦ እስከ ባክድሮፕ

ቅዳሜ ወይ እሁድ ከሰዓት አዲስ አበባ ውስጥ የሆነ ኮንዶሚኒየም ሳይት ብትገቡ አንዱ ብሎክ ላይ ፊኛ ተንጠልጥሎ፣ ስፒከር እየጮኸ፣ ልጆች ደረጃውን ሲወጡ ሲወርዱ ማየታችሁ አይቀርም፣ የልጅ ልደት ነው። አሁን በጣም ስለተለመደ ከጥንትም የነበረ ይመስላል እንጂ እንደ ድግስ ከገባ ያን ያህል አልቆየም፣ ገጠር ደሞ ዛሬም ብዙ ቤት አይታወቅም። አያቶቻችን አብዛኞቹ የተወለዱበትን ቀን በቁጥር አያውቁትም፣ ስትጠይቋቸው "ጣሊያን የገባ ጊዜ"፣ "የሚካኤል ለት"፣ "ጤፍ ሲታጨድ" ይሏችኋል በቃ። ለልጅ ተብሎ በደንብ ሚደገሰው ክርስትና ላይ ነበር፣ ወንዱ በ40 ሴቷ በ80 ቀኗ፣ ሙስሊም ቤት ደሞ በተወለደ በ7ኛው ቀን አቂቃ ይታረዳል። እነዚህ ዛሬም አሉ፣ ልደት እነሱን አልተካም፣ ተጨመረባቸው እንጂ። እንደውም አንዳንድ ቤተሰብ ወጪ ለመቆጠብ ክርስትናውን ሰብሰብ አድርጎ ያልፈውና ትልቁን ድግስ ለ1ኛ ዓመቱ ያስቀምጣል።

ቀኑ ራሱ እዚህ አገር አንድ ጉዳይ ነው። ሆስፒታል የተወለደ ልጅ ወረቀቱ ላይ ሁለት ቀን ሊኖረው ይችላል፣ በኛና በፈረንጅ፣ እና በየትኛው ነው ሚከበረው ሚለው ላይ አባትና እናት ሳይስማሙ ሚያድር ቤት አለ። ሁለቱ ሁሌ አብረው አይሄዱም ደሞ። ጳጉሜ 6 ስትሆን የቀጣዩ ዓመት መስከረም 1 ከሴፕቴምበር 11 ወደ 12 ትገፋለች፣ ከዛ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስ ሁሉም በአንድ ቀን ይንሸራተታል። ለምሳሌ መስከረም 5 ቀን 2013 የተወለደች ልጅ በፈረንጅ ሴፕቴምበር 15 ናት፣ 2016 ላይ ግን መስከረም 5 ሴፕቴምበር 16 ላይ ነው የዋለው። በጣም ሚያሳዝኑት የጳጉሜ 6 ልጆች ናቸው፣ 2015 ላይ የተወለደ ልጅ ትክክለኛ ቀኑን ሚያገኘው 2019 ላይ ነው፣ እስከዛ ወይ ጳጉሜ 5 ይደረግለታል ወይ ከእንቁጣጣሽ ጋር ይደረባል፣ መደረቡን ግን ልጆች አይወዱትም ምክንያቱም ስጦታው አንድ ይሆናል።

ቀኑ ከታወቀ በኋላ ደሞ ጾም አለ። ኬክ ማለት እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ ነው፣ ስለዚህ ሁዳዴ 55 ቀን ሙሉ፣ ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና፣ ነሐሴ ደሞ ከ1 እስከ 15 ፍልሰታ፣ በነዚህ መሀል ልደቱ የወደቀበት ኦርቶዶክስ ቤተሰብ ወይ ድግሱን ያሸጋግራል ወይ የጾም ኬክ ያዛል። የጾም ኬክ በዘይት ሚሠራ ነው፣ ድሮ ደረቅ ነበር አሁን ብዙ ኬክ ቤት በደንብ ይሠራዋል። ሕፃን አይጾምም ትሉ ይሆናል፣ ልክ ነው፣ ግን ይዘዋቸው ሚመጡት እናቶች ይጾማሉ፣ ፍልሰታን ደሞ ትንንሾቹም ጭምር ቆርበው ሚጾሟት ናት። ዕድለኞቹ ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ውስጥ የተወለዱት ናቸው፣ ያኔ ረቡዕና አርብ እንኳን አይጾምም። ረመዳን ላይ ሙስሊም ጎረቤትን በ9 ሰዓት ኬክ ብሉ ብሎ መጥራትም አይሆንም፣ ወይ ከኢድ በኋላ ይደረጋል ወይ ማታ ከኢፍጣር ጋር ይገጣጠማል።

ሥጋው ከጾሙ በላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እዚህ አገር ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊም አይበላም፣ ሙስሊም ያረደውን ክርስቲያን አይበላም፣ ዶሮም ቢሆን ያው ነው፣ የልጆች ድግስ ላይ ደሞ ልጅ የማንን ሳህን እንዳነሳ ማንም አይቆጣጠርም። ጎረቤቱ የተቀላቀለ ከሆነ ብልሆቹ እናቶች የልጆቹን ጠረጴዛ ጭራሽ ከሥጋ ነጻ ያደርጉታል፦ የምስር ሳምቡሳ፣ ችብስ፣ ፓስታ በቲማቲም፣ ቦምቦሊኖ፣ ፈንዲሻ፣ ብርቱካንና ሙዝ። ልጆች ሲጠግቡ አይደለም ሚደሰቱት፣ ሁለት ሳምቡሳ በልተው ሮጠው ይወጣሉ። ክትፎና ዶሮ ወጥ ሚፈልገው አዋቂው ነው፣ የአዋቂውን ለብቻ ቤት ውስጥ ማድረግ ይቻላል። ለስላሳ በሳጥን ይገባል፣ አንዱ ሳጥን 24 ጠርሙስ ነው፣ ባዶውን ለመመለስ ደሞ ጠርሙሱን ሚቆጥር ሰው ከወዲሁ መመደብ ነው፣ ካልሆነ መያዣው ይበላል።

ኬክ ሚታዘዘው በኪሎ ነው፣ ቶርታ ብለው ነው ሚጠሩት ብዙዎቹ፣ ጣሊያን ትቶልን የሄደው ስም። ድሮ ጥሩ ኬክ ማለት ፒያሳ ነበር፣ እንደ እንሪኮ ያሉት፣ አሁን በየሰፈሩ ኬክ ቤት አለ፣ ቤታቸው ጋግረው በቴሌግራም ሚሸጡ ሴቶችም ብዙ ናቸው፣ የነሱ ብዙ ጊዜ ይጣፍጣል። ብላክ ፎረስትና ዋይት ፎረስት የተለመዱት ናቸው፣ ፎንዳንት ሚባለው ስፓይደርማንና ኤልሳ ሚቀረጽበት ደሞ ለፎቶ ያምራል እንጂ ልጆቹ ያን የስኳር ቆዳ ልጠው ሳህን ላይ ይተዉታል፣ እውነቱን ለመናገር ለሱ ብሎ እጥፍ መክፈል አይገባኝም። ከኬኩ ጎን ግን ብዙ ቤት ድፎ ዳቦም አለ፣ በኮባ ተጠቅልሎ የተጋገረ፣ እሱን አያት ወይ ሰፈሩ ውስጥ ያለ ትልቅ ሰው መርቆ ይቆርሰዋል። "እደግ፣ ተመንደግ፣ ለወግ ለማዕረግ ያብቃህ" ተብሎ ሲመረቅ ልጁ ዓይኑ ኬኩ ላይ ነው፣ አሜን ሚሉለት ሌሎቹ ናቸው።

ቦታን በተመለከተ ግቢ ያለው ዕድለኛ ነው። ኮንዶሚኒየም ሚኖር ሰው ወይ ሳሎኑ ውስጥ ይጣበባል ወይ ኮሚናሉን፣ ማለትም የነዋሪውን የጋራ ቤት፣ ያስፈቅዳል፣ ኮሚናል ግን ለቅሶም ክርስትናም ሚደረግበት ስለሆነ ቀድሞ ማስያዝ ያስፈልጋል፣ የሆነ ብሎክ ላይ ሐዘን ከደረሰ ደሞ ልደቱ እንደሚሰረዝ ማወቅ ነው፣ ለቅሶ ካለበት ደጃፍ ዲጄ አይከፈትም። ወንበር፣ ድንኳንና ሳህን ከእድር ይገኛል፣ ክረምት ላይ ለተወለደ ልጅ ድንኳን ግዴታ ነው፣ ሐምሌና ነሐሴ ከሰዓት ዝናብ እንደሚመጣ ጥርጥር የለውም። ገንዘብ ያለው ኢንዶር ፕሌይግራውንድ ይከራያል፣ ቦሌ መድኃኔዓለም ጋ ያለው ኤድና ሞል ከነመጫወቻውና ከነሲኒማው የአንድ ትውልድ የልጅነት ትዝታ ነው። ከ2013 ወዲህ ደሞ እንጦጦ ፓርክና ወዳጅነት ፓርክ ስለተከፈቱ ልደቱን እንደ ሽርሽር ሚያደርጉት ቤተሰቦች በዝተዋል፣ እንጦጦ ግን ከሰዓት በኋላ ይበርዳል፣ ሹራብ ሳይዙ መሄድ አይመከርም።

ዲኮር ሚባለው ነገር ከመጣ ወዲህ ወጪው ሌላ ሆኗል። ባክድሮፕ (ከኬኩ ጀርባ ሚቆመው ያጌጠ ግድግዳ)፣ የፊኛ ቅስት፣ የልጁ ፎቶ ያለበት ባነር፣ የቁጥር ሻማ፣ ከዛ ፎቶግራፈር፣ ከዛ ዲጄ፣ ከዛ ክላውን ምናምን። ዕቃውን ራሱ መርካቶ ወርዶ ገዝቶ በእጅ መሥራት ይቻላል፣ ዘመድ ካለ ማታውን ፊኛ ሲነፋ ያመሻል እሱም አንድ ጨዋታ ነው። ክላውኑን ግን አስቡበት፣ ከ3 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ባለ ትልቅ ጭንቅላቱን ልብስ ሲያዩ ሚያለቅሱት ብዙ ናቸው። በአጠቃላይ የ1 ዓመት ልደት የወላጅ ድግስ ነው፣ ልጁ ኬክ ሳይቆረስ ይተኛል፣ ማንም ሊወቀስበት አይገባም። ልጅ በራሱ ሚደሰተው ከ4 እስከ 9 ባለው ዕድሜ ነው፣ እዛ ላይ ግን ገንዘቡ ግድግዳው ላይ አልቆ ለልጆቹ ምንም ጨዋታ ሳይታሰብ ይቀርና ዲጄው ለአዋቂ ዘፈን ሲያጫውት ይመሻል። እኔ እንዲህ ያለውን ልደት አልወደውም።

ጨዋታው እኮ ብዙ ነው። የወንበር ጨዋታ ሁሌ ይሠራል፣ 10 ልጅ 9 ወንበር፣ ሙዚቃው ሲቆም ያልተቀመጠው ይወጣል፣ ችግሩ መጀመሪያ የወጣው ልጅ ጥግ ሄዶ ያኮርፋል፣ ስለዚህ የወጣውን ሙዚቃ አቁም ብሎ ስልኩን መስጠት ነው፣ እንደውም ቀጣዩ ለመውጣት ይመኛል። ሎሚ በማንኪያ፣ የጆንያ ሩጫ፣ ገመድ ጉተታ ግቢ ካለ። ድብብቆሽ ደሞ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ የተፈጠረ ነው ሚመስለው፣ ፈላጊው ፊቱን ግድግዳው ላይ ደፍቶ "ኩኩሉ!" ይላል፣ ከየጥጉ "አልነጋም!" ይመጣል፣ እንደገና "ኩኩሉ!"፣ እንደገና "አልነጋም!"፣ መጨረሻ ላይ "ነጋ!" ሲባል ይሮጣል፣ አልነጋም ሚለው ድምፅ ራሱ የተደበቁበትን ስለሚያሳብቅ ትንንሾቹ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ነው ሚመልሱት።

ሲደክማቸው እንቆቅልሽ። "እንቆቅልሽ!" "ምን አውቅልህ!" እና መልሱ ካልተገኘ "አገር ስጠኝ" ነው፣ ድሮ ልጆች ጎንደርን፣ ሐረርን ነበር ሚሰጡት፣ አሁን ዱባይን ሰጠሁህ ሚሉ አሉ፣ ጠያቂው ደሞ ዱባይ ገብቼ ምን አጣሁ ብሎ ይጀምራል። ተረት ሚችል አያት ወይ አጎት ካለ እሱ ከማንኛውም ኤምሲ ይበልጣል። አባባ ተስፋዬ፣ ማለትም 2009 ላይ ያረፉት ተስፋዬ ሳህሉ፣ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለአሥርት ዓመታት ሚሊዮን ልጆችን ሚያስቀምጡት በአንድ ወንበርና በአንድ ተረት ነበር። "ተረት ተረት" ሲባል "የላም በረት" ማለትን ሚያውቅ ልጅ አሁንም አለ፣ ማያውቅም በሁለተኛው ተረት ይለምደዋል።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ 8 ሰዓት ተብሎ ተጠርቶ 10 ሰዓት ሚመጣው ሰው ያው የታወቀ ነው፣ ግን ልጆች መጠበቅ አይችሉም። የተሻለው 8 ሰዓት የደረሱትን ይዞ ጨዋታ መጀመርና ኬኩን 10 ሰዓት አካባቢ መቁረስ ነው፣ መብራት ቢጠፋም ገና ቀን ስለሆነ ችግር የለም።

ቆረሳው ላይ ልጁ መሀል ይቆማል፣ ሃፒ በርዝደይ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ከዛ በአማርኛ ይዘፈናል፣ ሻማ እፍ ይባላል። እፍ ማለቱን ማይወዱ ትልልቅ ሰዎች አሉ፣ ብርሃን አይጠፋም ብለው፣ እንደዛ ያለ ቤት ጸሎት ተደርጎ ሻማው እየበራ ገለል ይደረጋል። ከዛ ጉርሻው ይመጣል። ልጁ በትንሽ እጁ ኬክ ቆርሶ መጀመሪያ እናቱን፣ ከዛ አባቱን፣ ከዛ አያቱን ያጎርሳል፣ እነሱም መልሰው ያጎርሱታል፣ ፎቶግራፈሩ "አንዴ ድገሚው" ስላለ ሁለተኛ፣ አክስት ስላላጎረሰች ሦስተኛ፣ ልጁ ክሬም አፍንጫው ላይ ይዞ አፉን ጥርቅም አድርጎ መዝጋት ሲጀምር ይበቃዋል ማለት ነው። አጎራሹን ሦስት አራት ላይ ማቆም ለልጁ ጽድቅ ነው።

እዚሁ ጋ አንድ በጣም ሚያሳስብ ነገር አለ። እንደ በረዶ ሚረጨው ስፕሬይ ተቀጣጣይ ጋዝ ሊኖረው ይችላል፣ ሻማ እየበራ እሱን ልጅ ጭንቅላት ላይ መርጨት እሳት ነው። ተንሳፋፊ ፊኛም ውስጡ ያለው ሂሊየም ሳይሆን ሃይድሮጅን ከሆነ ሻማ ሲነካው ይፈነዳል፣ ሚሸጠውን ሰው መጠየቅ ነው። የተቀደደ ፊኛ ቁራጭ፣ ደረቅ ከረሜላና ኦቾሎኒ ደሞ የትንንሽ ልጆችን ትንፋሽ ሊዘጋ ይችላል፣ ወለሉን ቶሎ ቶሎ መጥረግ ያስፈልጋል።

ትምህርት ቤት ሚደረገው ልደት ሌላ ነው፣ ኬጂ ላይ ኬክ ተልኮ ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ይቆረሳል። ያለው እናት ለእያንዳንዱ ልጅ የስጦታ ቦርሳ ስትልክ የሌለው ይጨነቃል፣ ስለዚህ ኬክ ብቻ ወይ ጭራሽ አይቻልም ያሉ ትምህርት ቤቶች አሉ፣ ትክክል ናቸው ባይ ነኝ።

ውጭ አገር ያሉ ሐበሾች ጋ ዳቦውም ኬኩም አብረው ሄደዋል። ዋሽንግተን አካባቢ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ፣ በጋ ላይ የፓርክ መጠለያ ተከራይቶ ድፎ ዳቦና ፒዛ አንድ ጠረጴዛ ላይ ማቅረብ የተለመደ ነው። እስራኤል ያሉት ቤተ እስራኤል ልጆች ደሞ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ የአገሩን ወግ ያገኛሉ፣ ባለ ልደቱ የአበባ አክሊል ይደረግለትና ወንበር ላይ ተቀምጦ በዕድሜው ልክ ወደ ላይ ይነሳል፣ ለመጪው ዓመት ደሞ አንዴ ይጨመርለታል። ዓረብ አገር ሚሠሩ እናቶች ኬኩንም ዲኮሩንም ከዛው ሆነው በስልክ ያዛሉ፣ ገንዘቡን ለእህት ወይ ለአያት ይልካሉ፣ ልደቱን በኢሞ ያያሉ። ሪያድና ኩዌት ከአዲስ አበባ ጋር ሰዓታቸው እኩል ነው፣ ዱባይ በ1 ሰዓት ይቀድማል፣ እናትየው ስልክ መያዝ ምትችለው ግን ሥራ ሲለቃት ብቻ ስለሆነ እንደዚህ ባለ ቤት ኬኩ ሚቆረሰው እሷ ስትደውል ነው፣ እንግዳው ቢሞላም ባይሞላም።