መራቅን መማር ምንድን ነው?

በኮምፒውተር በሚሠራ ሙከራ ላይ ቁልፉን ደጋግሞ የተጫነ ተሳታፊ «ፈሪ መሆኑ ታወቀ» የሚል ትንታኔ ሰሞኑን ደግሞ አነበብሁ፤ ስንተኛዬ እንደሆነ መቁጠር ትቻለሁ።

መራቅን መማር ማለት ገና ያልደረሰን ክፉ ነገር በራስ ድርጊት ማስቀረት እንደሚቻል መማር ነው። የጀመረውን ማቋረጥ ማምለጥ ይባላል፤ ከቅጣትም ጋር አይምታታ። ሙከራው ቀላል ነው፦ ስክሪኑ ላይ ሰማያዊ ካሬ ይታያል፤ ጥቂት ሰከንዶች ቆይቶም ተሳታፊው ራሱ «ይረብሻል እንጂ አያምም» ባለው መጠን የተስተካከለ ኤሌክትሪክ እጁን ይነዝረዋል። ካሬው ሳይጠፋ ቁልፉን ከተጫነ ንዝረቱ ይቀራል። ቢጫውን ካሬ ግን ምንም አይከተለውም።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሞውረር በ1947 ድርጊቱን የሚያጸናው የፍርሃት መቀነስ ነው ብሎ ነበር። ሆኖም ተመራማሪዎቹ ሰለሞንና ዊን በ1953 ያጠኗቸው፣ ኤሌክትሪክ እንዳይነዝራቸው አጥር የሚዘሉ ውሾች የፍርሃት ምልክታቸው ከደበዘዘ በኋላም መዝለላቸውን ቀጥለዋል። በሰዎችም ላይ ቁልፉ እንደሚሠራ ከታወቀ ወዲያ ንዝረት የመጠበቁ ስሜት ሲወርድ መጫኑ ግን ይቀጥላል።

ተንታኙ ጃንጥላ የያዘን ሁሉ ዝናብ ፈሪ እያለ ነው። ጃንጥላው በነጻ ከታደለና ክብደት ከሌለው ማን ይተወዋል? ብዙዎቹ ሙከራዎች ቁልፉን እንዲሁ ያለ ዋጋ ያቀርባሉ፤ ስለዚህ ሁሉም ይጫናል፣ በሰዎች መካከል ያለው ልዩነትም ይሰወራል። መጫን ነጥብ የሚያስቀንስ ሲሆን ነው ማን ምን ያህል እንደሚከፍል የሚታየው። ምሳሌዬ የሚያፈስበት ቦታም አለ፤ ጃንጥላ የያዘ ሰው ዝናቡ ማባራቱን ያያል፣ ቁልፍ የተጫነ ግን ንዝረቱ በእርሱ ድርጊት ይቅር ወይም ቀድሞውኑ የሌለ ይሁን አያውቅም። ሙከራ አድራጊው ኤሌክትሪኩን በስውር ቢያጠፋው እንኳ እርሱ ብዙ ጊዜ መጫኑን አይተውም።

(ሳይጠየቅ አንድ ነገር ልጨምር፦ ተሳታፊውን አስቀድመን «ቁልፉ ንዝረቱን ያስቀራል» ብለን ከነገርነው፣ የለካነው መማሩን ሳይሆን መመሪያ መረዳቱን ነው።)

ፍርሃቱን መፈለግ የሚሻ ሰው ቁልፉ የተወሰደበትን ዙር ይመልከት። ሰማያዊው ካሬ ሲመጣና የሚጫኑት ሲጠፋ የመዳፍ ላብ መልሶ ከፍ ሊል ይችላል፤ ንዝረቱ ቆሞ ከሆነም ይህን የሚማረው ያኔ ነው። ላቡም ቢሆን መነቃቃትን እንጂ ፍርሃትን ለይቶ አይናገርም።