ዩዩአይዲ ምንድን ነው?

ሰሞኑን ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ «ዩዩአይዲ ማለት ፋብሪካ ዲስኩ ላይ የሚያትመው ሴሪያል ቁጥር ነው፤ መቼም አይቀየርም» ብሎ ጻፈ። ስንቱ ደግሞ አመሰገነው። ኧረ በሕግ አምላክ!

ፋብሪካው ስለ ዩዩአይዲ የሚያውቀው ነገር የለም። ዩዩአይዲ ፓርቲሽኑ (የዲስኩ ክፋይ) ፎርማት ሲደረግ ፎርማት የሚያደርገው ፕሮግራም ራሱ በዘፈቀደ የሚያወጣው 128 ቢት መለያ ቁጥር ነው። የሚጻፈውም ፋይል ሲስተሙ (ፋይሎቹ የሚደራጁበት መዋቅር) ውስጥ ነው።

ዲስኩን ቤት፣ ፓርቲሽኑን ክፍል፣ ፋይል ሲስተሙን ተከራይ በሉት። ዩዩአይዲ የተከራዩ ስም ነው። ሊኑክስ ለዲስኮች የሚሰጣቸው ኤስዲኤ፣ ኤስዲቢ የሚሉት ስሞች ግን «ከመንገዱ ስትገቡ አንደኛው ቤት፣ ሁለተኛው ቤት» እንደማለት ናቸው። መንገዱ በሌላ በኩል ከተከፈተ ቆጠራው ይገለበጣል። ተከራዩ ግን ንቅንቅ አላለም።

አፕግሬድ ላይ የሚያጋጥመውም ይኸው ነው። በ2007 አካባቢ ትልልቆቹ የሊኑክስ ስርጭቶች ሊብኤቲኤ ወደሚባለው አዲስ የዲስክ ድራይቨር ሲዞሩ፣ ኤችዲኤ የነበረው ዲስክ ኤስዲኤ ተባለ። ሌላው ስርዓተ ክወና ፍሪቢኤስዲም 9.0 ላይ ኤዲ የሚለውን የዲስክ ስም ወደ ኤዲኤ ቀይሯል፤ እነሱ እንኳ ለድሮው ስም አቋራጭ ትተዋል። ኤፍኤስታብ (ማሽኑ ሲነሳ የሚከፈቱት ፓርቲሽኖች የተዘረዘሩበት ፋይል) ላይ ኤችዲኤ ተብሎ የተጻፈበት ሊኑክስ ግን ሩት ፓርቲሽኑን (ስርዓቱ ራሱ ያለበትን) ፈልጎ ያጣል። ቡት አያደርግም። ይሄኔ «ዲስኬ ተቃጠለ» ብሎ ፎርማት የሚያደርግ አለ! ዲስኩ ደህና ነው። በላይቭ ዩኤስቢ (ሊኑክስን ከፍላሽ በማስነሳት) ግቡና ኤፍኤስታብ ላይ የድሮውን ስም በዩዩአይዲ ተኩት፤ ቁጥሩን ብልክአይዲ የሚባለው ትዕዛዝ ያሳያችኋል። ሊኑክስን የሚያስነሳው ግራብ ላይም የድሮው ስም ካለ መተካት አትርሱ።

አሁን ወደዚያ «መቼም አይቀየርም» ልመለስ። ፎርማት ማድረግ ተከራዩን አስወጥቶ ሌላ ማስገባት ነው፤ ክፍሉ ያው ነው፣ ስሙ ግን ሌላ ነው። ለምሳሌ አንድ ማሽን ላይ ሁለተኛ ሊኑክስ ስትጭኑ ጫኙ ስዋፑን (ራም ሲሞላ የሚያግዘውን ፓርቲሽን) እንደገና ፎርማት ሊያደርገው ይችላል። ከዚያ የመጀመሪያው ሊኑክስ ሲነሳ የድሮውን ስዋፕ ፍለጋ 90 ሰከንድ ቆሞ ይጠብቃል። ሰውም «አፕግሬዱ አንቀራፈፈው» ይላል። ፎርማት ሲደረግ የማይቀየረው ፓርትዩዩአይዲ ነው። እሱ ጂፒቲ በሚባለው የዲስኩ ክፍሎች ሰንጠረዥ ላይ የተጻፈ የክፍሉ ቁጥር ነው። ጸሐፊያችን ምናልባት ከዚህ ጋር አምታቶት ይሆናል። ፋት የሚባለው ፋይል ሲስተም ያለበት ፓርቲሽን ደግሞ 32 ቢት ብቻ ስላለው ቁጥሩ አጭር ሆኖ ብታዩት አትደንግጡ።

በተቃራኒው ዲስክን በዲዲ (ሁሉንም እንዳለ በሚቀዳው ትዕዛዝ) ስትገለብጡ ስሙም አብሮ ይገለበጣል። በአንድ ሰፈር ሁለት ሞክሼ ተከራዮች ማለት ነው። ኤክስኤፍኤስ የሚባለው ፋይል ሲስተም ሁለተኛውን ማውንት አላደርግም (አልከፍትም) ይላል፤ ደግ አደረገ። ሌላው ፋይል ሲስተም ቢትርኤፍኤስ ግን ሁለቱን እንደ አንድ ሊያያቸው ይችላል፣ ያኔ ዳታ ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ ከአፕግሬድ በፊት መጠባበቂያ ብላችሁ የገለበጣችሁትን ዲስክ ሳትነቅሉ ማሽኑን አታስነሱ።