ቤቱ አንድ፣ ጎጆው ሁለት፦ ከቀድሞ የትዳር ጓደኛ ጋር እየኖሩ ቤኔፊት መጠየቅ

እንግሊዝ አገር ከባል ወይም ከሚስት መለየት ከቤት ከመለየት ይቀላል። ኪራዩ አይቀመስም። የጋራ ቤት ካለ እስኪሸጥ ወራት ይፈጃል። ፍቺው ራሱ፣ ከኤፕሪል 2022 ጀምሮ በሚሠራው ሕግ፣ ማመልከቻው ከገባ በኋላ ቢያንስ 26 ሳምንት ይወስዳል። ስለዚህ የተለያዩት ባልና ሚስት አንድ ጣሪያ ሥር ይቆያሉ። አንዱ ሳሎን ሶፋ ላይ፣ ሌላው መኝታ ቤት።

ገንዘብ ሲያጥር ደግሞ የቤኔፊት፣ ማለትም የመንግሥት ድጎማ፣ ነገር ይነሳል። መካሪው ብዙ ነው። አንዱ «እንዳትሞክረው፣ ትታሰራለህ» ይላል። ሌላዋ «ምን ችግር አለው፣ እኔም እንደዚያው ነበርኩ» ትላለች። ሁለቱም በቅንነት ነው የሚናገሩት፤ ግን ሁለቱም ተሳስተዋል። እዚህ የምጽፈው በተለይ ስለ ዩኒቨርሳል ክሬዲት ነው፤ ገቢ ለሌለው ወይም ገቢው ለማይበቃው ሰው በየወሩ ስለሚከፈለው ድጎማ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ሂሳቡን እንየው። በ2025/26 ተመን ዕድሜው 25 እና ከዚያ በላይ የሆነ ነጠላ ሰው መነሻ ክፍያው በወር 400.14 ፓውንድ ነበር። ጥንዶች፣ ማለትም እንደ ባልና ሚስት የሚቆጠሩ፣ ለሁለት 628.10 ያገኙ ነበር። ሁለቱም ለየብቻ ነጠላ ቢባሉ ድምሩ 800.28 ይሆን ነበር። ልዩነቱ በየወሩ 172.18 ፓውንድ ነበር። መንግሥት ዓይኑን የሚያፈጥጠው ለዚህ ነው። በዚያ ላይ ጥንድ ከተባሉ የአንዱ ደመወዝና ቁጠባ የሌላውን ክፍያ ይቀንሳል። የቁጠባው ጣሪያ 16,000 ፓውንድ ነው፤ ለነጠላም ለጥንድም ያው ነው።

«አድራሻችሁ አንድ ከሆነ ጥንድ ናችሁ፤ አለቀ»

አላለቀም። እንዲያውም የሁሉም ስህተት ምንጭ ይሄ ይመስለኛል፤ ጥፋቱም በከፊል የቋንቋችን ነው። «ቤት» ስንል ግድግዳውንም፣ ጣሪያውንም፣ ውስጡ ያለውን ኑሮም በአንድ ቃል እንጠራለን። የእንግሊዝ ሕግ ግን ሁለቱን ይለያቸዋል። ሕንፃው ሌላ፣ አብሮ የሚገፋው ኑሮ ሌላ። እኛም ብንፈልግ ቃሉ አለን፤ ጎጆ። ልጅ ሲያገባ «ጎጆ ወጣ» የምንለው ግድግዳ ስላቆመ አይደለም። ሕጉ የሚጠይቀው «አንድ ቤት ናችሁ ወይ?» ብሎ ሳይሆን «አንድ ጎጆ ናችሁ ወይ?» ብሎ ነው። አንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ጎጆ ሊኖር ይችላል።

ይህ ለቤኔፊት ሲባል የተፈጠረ ሐሳብ አይደለም። በ1949 በፍቺ ጉዳይ የተሰጠ አንድ ፍርድ አለ። ሚስት መኝታዋን ለይታለች። የባሏን ልብስ አታጥብም፣ አትጠግንም። ግን ከልጆቹ ጋር አንድ ገበታ ላይ ይበላሉ፣ የቀረውንም ክፍል በጋራ ይጠቀማሉ። ፍርድ ቤቱ «እነዚህ ተጣሉ እንጂ አልተለያዩም፤ ጎጆው ገና አንድ ነው» የሚል ሐሳብ ይዞ ወሰነ። የተመረመረው ቤቱ እንዳልሆነ ልብ ይበሉ፤ ኑሮው ነው።

«ፍቺው እስኪጸድቅ ነጠላ አይደለሁም»

ይሄም ልክ አይደለም። በዩኒቨርሳል ክሬዲት ሕግ የተጋቡ ሰዎች ጥንድ የሚባሉት የአንድ ጎጆ አባላት ሲሆኑ ነው። ጋብቻው በወረቀት ቢኖርም ጎጆው ከተለየ ለብቻ መጠየቅ ይቻላል። የፍቺ ማመልከቻ ማስገባት ጠቃሚ ማስረጃ ነው። ግዴታ ግን አይደለም።

የተገላቢጦሹም አለ። «የፍቺ ወረቀቴ እጄ ላይ ነው፤ ማን ይነካኛል?» የሚል። ይነካዋል። ፍቺያቸው ጸድቆ አሁንም እንደ ባልና ሚስት የሚኖሩ ሰዎች ካሉ ሕጉ እንደ ጥንድ ያያቸዋል። በቁርባን ብቻ ወይም በሽማግሌ ፊት ተጋብተው በመንግሥት መዝገብ ያልሰፈሩትም እንዲሁ። ወረቀት አለመኖሩ አያስጥልም።

«መኝታ ለይተናል፤ ይበቃል»

ይሄኛው ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል።

በ1982 በሕግ መዝገብ የታተመ አንድ ውሳኔ አለ። አንዲት ሴት በአደጋ ክፉኛ ትጎዳለች። አንድ ወንድ ሊያስታምማት ቤቷ ይገባል። ድጎማውን የሚከፍለው መሥሪያ ቤት እንደ ባልና ሚስት ቆጠራቸው። ዳኛው ግን «አብረው የሚኖሩት ለምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ፤ ሊረዳት እንጂ ትዳር ሊመሠርት እንዳልገባም ተቀበለ። በዚያው ፍርድ እስከ ዛሬ የሚጠቀሱት ስድስት ምልክቶች ጥሩ አመልካቾች ተብለው ጸደቁ፦ ጎጆው አንድ መሆኑ፣ ግንኙነቱ የጸና መሆኑ፣ ገንዘብ፣ የአልጋ ግንኙነት፣ ልጆች፣ እና በሰው ፊት እንዴት እንደሚታዩ።

አንዱ ብቻውን አይወስንም። የአልጋው ነገር ከስድስቱ አንዱ ነው። ዋናውም አይደለም። ባለሥልጣኑ ሁሉንም ደምሮ ነው የሚያየው። የገበያ ወጪ ተለይቷል? ምግብ የሚሠራው ለየብቻ ነው? ልብስ ማን ያጥባል? ደመወዝ ወደ አንድ አካውንት ይገባል? የመብራቱን ሂሳብ እኩል ትካፈላላችሁ ወይስ አንዱ ሌላውን ያኖራል? አንዱ ቢታመም ሌላው ምን ያደርጋል? ሞርጌጁ (የቤቱ ብድር) በሁለታችሁ ስም መሆኑ ብቻውን አያስፈርድም፤ ባንክ ያለ ስም በአንድ ቀን አይፋቅም። ያው የጋራ አካውንት ላይ ግን ደመወዝ እየገባ፣ ወጪ እየወጣ፣ ማንም ለማንም ሳይጠይቅ የሚያወጣ ከሆነ ሌላ ነገር ይሆናል።

ልጆች ካሉ ነገሩ ይከብዳል። አባትና እናት ለልጆቹ ሲሉ እሁድ ምሳ አብረው ቢበሉ፣ አንዱ ትምህርት ቤት አድርሶ ሌላው ቢመልስ፣ ይህ የወላጅነት ሥራ ነው። ትዳር ነው ማለት አይደለም። ግን ዓመቱን ሙሉ አንድ ድስት፣ አንድ ገበታ ከሆነ የ1949ኙን ፍርድ ያስታውሱ።

የእኛን ሰው በተለይ የሚያስቸግረው ስድስተኛው ምልክት ነው። መለያየታችንን እንደብቃለን። «ቤተሰብ አይስማ»፣ «እናቴ ትደነግጣለች»፣ «የዕድሩ ሰው ምን ይለናል» እያልን። ሠርግ ሲጠሩን አብረን እንሄዳለን። የበዓል ፎቶ አብረን ተነስተን እንለጥፋለን። ካርዱም «ለአቶ እገሌና ባለቤታቸው» ተብሎ ይመጣል። ይህ ሁሉ ሰውኛ ነው፤ እኔም አልፈርድም። ነገር ግን መሥሪያ ቤቱ ፊት ሲቀርብ ሁለት ተቃራኒ ታሪክ ይሆናል፤ ለዘመድ አዝማድ ባልና ሚስት፣ ለመንግሥት ነጠላ። ለሁሉም ማወጅ አያስፈልግም። ቢያንስ አንድ ሁለት ሰው፣ ሐኪሙ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት እውነቱን ቢያውቁ ግን ኋላ «እናውቃለን፣ ከዚህ ወር ጀምሮ ተለያይተዋል» ብሎ የሚጽፍ አይጠፋም።

የተለያያችሁበትን ቀን ደግሞ ጻፉት። ከዚያ ወዲህ የተቀየረውንም እንዲሁ፤ ከፍሪጁ የትኛው መደርደሪያ የማን እንደሆነ ሳይቀር። የሚያስቅ ይመስላል። ቃለ መጠይቅ ሲመጣ ግን የሚጠየቀው እንደዚህ ያለው ነገር ነው።

«በሳምንት ከሦስት ሌሊት ካላለፈ ችግር የለም»

ይሄን «የሦስት ሌሊት ሕግ» ያልሰማ የለም። ግን የለም። በየትኛውም ሕግ ላይ ሌሊት ተቆጥሮ የተቀመጠ ቁጥር አታገኙም። በሳምንት አንዴ የሚመጣ ሰው ጥንድ ሊባል ይችላል፤ ሰባቱንም ሌሊት እዚያው የሚያድር ደግሞ ላይባል።

«ነጠላ ከተባልኩ የካውንስል ታክሴም ይቀነሳል»

የካውንስል ታክስ የአካባቢው አስተዳደር፣ ካውንስሉ፣ ከየቤቱ የሚሰበስበው ግብር ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደነግጣል። የ25 በመቶው ቅናሽ ለነጠላ ሰው የተሰጠ ስለሚመስል «ተለያይተናል» ብሎ ካውንስሉን የሚጠይቅ አለ። ቅናሹ ግን ትዳርን አያይም። የሚቆጥረው በቤቱ ውስጥ የሚኖሩ አዋቂዎችን ነው። ሁለት አዋቂ ካለ፣ ቢዋደዱም ባይነጋገሩም፣ ቅናሽ የለም፤ አንዱ እንደ ሙሉ ጊዜ ተማሪ ከቆጠራው የሚወጣ ካልሆነ በቀር። ስለዚህ በአንድ ቀን ለዩኒቨርሳል ክሬዲት «ነጠላ ነኝ»፣ ለካውንስሉ «ሁለት አዋቂዎች ነን» ማለት ውሸት አይደለም። ሁለቱም እውነት ነው። ጣጣው ለሁለቱ እርስ በርሱ የሚጋጭ ነገር ተናግሮ መገኘት ነው፤ ለካውንስሉ «ብቻዬን ነው የምኖረው» ያለ ሰው በራሱ ላይ ማስረጃ ጽፏል።

«የቤት ኪራዩን ሙሉውን ይከፍሉልኛል»

ውሉ በሁለታችሁ ስም ከሆነና ሁለታችሁም እዚያው ካላችሁ ብዙውን ጊዜ የእርስዎ ድርሻ ግማሹ ነው። ውሉ በእርስዎ ስም ብቻ ከሆነ ደግሞ የቀድሞ ባለቤትዎ ቤትዎ ውስጥ ያለ ሌላ አዋቂ ተብሎ ሊቆጠርና ከኪራይ ድጋፉ ተቀናሽ ሊመጣ ይችላል። ከግል አከራይ ለተከራየ ነጠላ፣ ልጅ ለሌለውና ዕድሜው ከ35 በታች ለሆነ ሰው በአብዛኛው የሚታሰበው ከሌሎች ጋር በሚጋሩት ቤት ውስጥ ያለ የአንድ ክፍል ተመን ነው። ሞርጌጅ ከሆነ ዩኒቨርሳል ክሬዲት አይከፍልም። ለወለድ የሚሰጠው እርዳታም ከ2018 ጀምሮ ብድር ሆኗል።

«ያለኝ ቤኔፊት ሁሉ ይነካል»

አይነካም። ለአካል ጉዳትና ለረጅም ሕመም የሚከፈለው ፒአይፒ የማንንም ገቢ አያይም። የመንግሥት ጡረታ በራስ መዋጮ የሚመጣ ነው። ሌላው ወላጅ ለልጅ የሚቆርጠው የማሳደጊያ ገንዘብም ከዩኒቨርሳል ክሬዲት አይቀነስም። የሚነካው በቤተሰብ ገቢ የሚሰላው ነው።

ቻይልድ ቤኔፊት፣ ማለትም መንግሥት ለልጅ የሚሰጠው ድጎማ፣ ለአንድ ልጅ ለአንድ ሰው ብቻ ይከፈላል። ሁለታችሁም አንድ ቤት ውስጥ ስላላችሁ ሁለት ጊዜ አይመጣም። በዩኒቨርሳል ክሬዲትም የልጁ ድርሻ የሚሄደው ዋናውን ኃላፊነት ለያዘው ወላጅ ነው። እዚህ ላይ ሳትስማሙ ሁለታችሁም ብትጠይቁ መዘግየት ይመጣል፤ በቅድሚያ መነጋገር ይሻላል፤ መነጋገር የሚቻል ከሆነ።

«ዝም ማለት ይሻላል»

አይሻልም፤ በሁለቱም በኩል። በጋራ ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚያገኙ ሰዎች ከተለያዩ እያንዳንዳቸው በኦንላይን አካውንታቸው ማሳወቅ አለባቸው። ዝም ያለ ሰው ገንዘቡ በሌላኛው አካውንት እየገባ ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል። ቤት ውስጥ ዱላ ወይም ማስፈራራት ካለ ደግሞ ለመሥሪያ ቤቱ መንገር ይቻላል። ገና ሳይለያዩም ክፍያው ለሁለት ተከፍሎ እንዲገባ መጠየቅ ይቻላል። በትዳር ቪዛ ላይ ያለ ሰው ግን ከማመልከቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር። ያ ቪዛ በአብዛኛው ከመንግሥት ድጎማ መቀበልን ይከለክላል።

በስህተት የተከፈለ ገንዘብ ይመለሳል፤ ስህተቱ የመሥሪያ ቤቱ ቢሆንም እንኳ ሊጠየቅ ይችላል። በቸልታ ለተሳሳተ 50 ፓውንድ ቅጣት አለ። ክስ ከመመሥረት ይልቅ የሚቀርበው አስተዳደራዊ ቅጣት ከ350 እስከ 5,000 ፓውንድ ይደርሳል። ሆን ተብሎ የተፈጸመ ማታለል ፍርድ ቤት ከደረሰ በቤኔፊት ሕግ እስከ 7 ዓመት እስራት ሊያስከትል ይችላል። «ትታሰራለህ» ያለው ሰው ይህን ሰምቶ ይሆናል። ግን እስሩ ለዋሸ ሰው ነው እንጂ እውነቱን ተናግሮ «አንድ ቤት ነን፣ ግን ተለያይተናል» ላለ ሰው አይደለም። እውነቱን የተናገረ ሰው ቢበዛ «አይሆንም» ይባላል።

«አይሆንም» ሲባልም መጨረሻው አይደለም። ውሳኔው በደረሰ በአንድ ወር ውስጥ እንደገና እንዲታይ ይጠየቃል። ካልተለወጠ ከመልሱ በኋላ በአንድ ወር ውስጥ ከመሥሪያ ቤቱ ነፃ ወደሆነው የይግባኝ ችሎት (ትሪቡናል) ይግባኝ ይባላል። ሲቲዝንስ አድቫይስ የተባለው የምክር ድርጅት ያለ ክፍያ ይረዳል። እኔ የማየው ስህተት ሰዎች ሲከለከሉ የሚጽፉት አጭር መሆኑ ነው፤ «ተለያይተናል፣ እባካችሁ» ብቻ። ከዚያ ይልቅ ስድስቱን ነጥቦች አንድ በአንድ ይመልሱ፤ ስለ ገንዘቡ፣ ስለ ማብሰሉ፣ ስለ ልጆቹ፣ እና አሁንም አብረው ለምን እንዳሉ። ለምሳሌ «ቤቱ ለሽያጭ ቀርቧል» ወይም «ካውንስሉ ቤት እስኪሰጠኝ እየጠበቅኩ ነው» የሚለውን ከነደብዳቤው።

«ከታረቅንስ? ያለፈውን ሁሉ ይመልሱብናል»

ሽማግሌ ገብቶ፣ ወይም ልጆቹ አሳዝነዋቸው፣ ወይም እንዲሁ ልብ ተመልሶ የሚታረቁ አሉ። መታረቅ ያለፈውን ወር ውሸት አያደርገውም። በእውነት ተለያይተው በነበሩበት ጊዜ የተቀበሉት የእናንተ ነው። ለዕርቅ እየተነጋገሩ መሆንም ገና ዕርቅ አይደለም። ጎጆው እንደገና አንድ የሆነበትን ቀን ግን ወዲያው አሳውቁ፤ ክፍያው እንደገና በጋራ ይሰላል።