«ስንዴውን ከእንክርዳዱ መለየት»

ስብሰባ ላይ አንዱ ብድግ ብሎ «አሁን ስንዴውን ከእንክርዳዱ የምንለይበት ጊዜ ነው» ካለ፣ የሚባረር ሰው አለ ማለት ነው። ደጉን ከክፉው፣ እውነተኛውን ከአስመሳዩ መለየት፤ ትርጉሙ ይኸው ነው።

ምንጩ የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ነው። የሚገርመው ግን እዚያ ያለው ባለ እርሻ «ንቀሉት» አላለም። አገልጋዮቹ ሄደን እንልቀመው ወይ ሲሉት፣ ስንዴውንም አብራችሁ ትነቅሉታላችሁና እስከ መከር ተዉት ነው ያላቸው። እኛ መከሩን ይዘን ትዕግሥቱን ዘለልነው።

ገበሬ ግን ነገሩ ይገባዋል። የእንክርዳድ ቡቃያ ቁርጥ ስንዴ ነው። ደህና አድርጎ የሚለየው ዛላ ሲያወጣ ነው፤ የስንዴው ሞልቶ ጎንበስ ሲል የእንክርዳዱ ቀጥ ብሎ ይቆማል። እናቴ ሰፌዱን ጭኗ ላይ አድርጋ ስንዴ ስትለቅም፣ አንዲት ፍሬ እንዳታመልጣት መነጽሯን ደጋግማ ትጠርግ ነበር። አላበዛችውም። እንክርዳድ የበዛበት ዳቦ ራስ ያዞራል። ሳይንሳዊ ስሙ እንኳ ሎሊየም ቴሙለንተም ነው፤ ሁለተኛው ቃል በላቲን «ሰካራም» ማለት ነው።

ታዲያ ይህን ያህል ስንዴ ማን አስመሰለው? እኛው ነን! እ.ኤ.አ. በ1927 አገራችን መጥቶ እህላችንን ያጠናው ሩሲያዊው ኒኮላይ ቫቪሎቭ ነገሩን ያብራራል። ትንሿ የእንክርዳድ ፍሬ በወንፊት ትወርዳለች፤ ቀላሏን ንፋስ ይወስዳታል። ስንዴ የምታክለዋ ብቻ ትቀርና በሚቀጥለው ዓመት ከዘሩ ጋር ትዘራለች። በሺህ ዓመታት ውስጥ ሰፌዱና ወንፊቱ አስመሳዩን ራሳቸው አሳደጉት።

አሁን ደግሞ የአረም መድኃኒት አለ። ቱ ፎር ዲ የሚባለው ሰፊ ቅጠል ያለውን አረም ገድሎ ስንዴን ይተዋል። እንክርዳድ ግን እንደ ስንዴው የሣር ወገን ስለሆነ አብሮ ይተርፋል። እንደ ክሎዲናፎፕ ያሉት ሣር ገዳይ መድኃኒቶች ረቀቅ ይላሉ። ስንዴውም እንክርዳዱም ውስጥ ይገባሉ፤ ስንዴው ግን፣ አብሮ በሚጨመርለት አጋዥ ቅመም ጭምር፣ መርዙን ቶሎ ሰባብሮ ያከሽፈዋል። እንክርዳዱ ግን በዚያ ፍጥነት ማክሸፍ ስለማይችል ይሞታል።

አውስትራሊያ ውስጥ ግን የእንክርዳድ የቅርብ ዘመድ የሆነ ሣር እየተረጨ እየተረጨ ይህችንም ዘዴ ለመደ። ዛሬ አንዳንዱ መርዙን ልክ እንደ ስንዴው ሰባብሮ ይተርፋል።