«ባውንቲፉል» ምን ማለት ነው?

«ባውንቲፉል» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ከመዝገበ ቃላት የሚፈልግ ሰው ሁለት ፍቺ ያገኛል፤ አንደኛው «ለጋስ»፣ ሁለተኛው «የተትረፈረፈ» ነው። የመጀመሪያው የሰጪውን ጠባይ፣ ሁለተኛው የተሰጠውን ነገር ብዛት ስለሚናገር፣ ብዙ ተማሪዎች ቃሉን እርስ በርስ እንደማይገናኙ ሁለት ቃላት ይዘውት ይቀራሉ። በእኔ እምነት ግን የቃሉ ውበት ሁለቱ ፍቺዎች በሚገናኙበት ቦታ ነው። ሰጪው ሳይሰስት ስለ ሰጠ ስጦታው ሞልቶ መትረፉን ቃሉ በአንድነት ይናገራል።

የቃሉ መሠረት «ባውንቲ» የሚለው ስም ነው፤ ብዙዎቻችን ስሙን መጀመሪያ ያየነው ኮኮናት ባለበት ቸኮሌት መጠቅለያ ላይ ይሆናል። «ባውንቲ» በጥንታዊ ፈረንሳይኛ በኩል ወደ እንግሊዝኛ የገባ ሲሆን፣ ምንጩ «ቦኒታስ» የተባለው የላቲን ቃል ነው፤ ትርጉሙም «ጥሩነት» ማለት ነው። ቃሉ ከመልካም ባሕርይ ተነሥቶ ወደ ልግስና፣ ከልግስና ወደ ስጦታው፣ ከስጦታውም ወደ ብዛቱ ተሻገረ። ይህ መንገድ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም። «ቸር ያሰማን»፣ «ቸር ይግጠመን» ስንል የምንመኘው መልካሙን ሁሉ ነው፤ «ቸር ሰው» ስንል ግን እጁ ለመስጠት የተፈታውን ሰው እናስባለን። የእኛም ቃል መልካምነትንና ልግስናን አንድ ላይ ይዟል፤ «ባውንቲፉል» ለፈጣሪ ሲነገርም «ቸር» ከሚለው የተሻለ ትርጉም አላውቅለትም።

በዓረፍተ ነገር ውስጥ ፍቺውን የሚወስነው የሚገልጸው ስም ነው። ሰውን ወይም እግዚአብሔርን ሲገልጽ «ቸር»፣ «ለጋስ» ይሆናል፤ አዝመራን፣ የምግብ ገበታን፣ ተፈጥሮን ሲገልጽ «የተትረፈረፈ»፣ «የሞላ»፣ «በረከት የሞላበት» ይሆናል። በዕለት ተዕለት ንግግር እምብዛም አይሰማም። ቤቱ የመጽሐፍ፣ የጸሎትና የምስጋና ቋንቋ ነው፤ በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ይበልጥ የሚሰሙት በኅዳር ወር በሚከበረው የምስጋና ቀን፣ ስለ ማዕድና ስለ መከር በሚነገርበት ጊዜ ነው።

ሁለቱን ፍቺዎች በአንድ ሥር ይዞ የሚገኝ የአማርኛ ቃል ካለ፣ ያ «በረከት» ነው። ከ«ባረከ» ጋር የሚዛመደው «በረከተ» በዛ፣ ተትረፈረፈ ማለት ነው፤ በየዜናው «በርከት ያሉ ሰዎች ተገኙ» እንደሚባለው። «አበረከተ» ደግሞ በአንድ በኩል አበዛ፣ በሌላ በኩል ስጦታ ሰጠ ማለት ነው፤ ለተከበረ ሰው የሚቀርበውን ስጦታም «ገጸ በረከት» እንለዋለን። ይህን ትርጉም ከመጽሐፍ ይልቅ በምጣድ ዳር በደንብ ማየት ይቻላል። አንዲት ባለሙያ እናት አዲስ ጤፍ አስፈጭታ ስታቦካ ዱቄቱ ውኃ ካነሣላት፣ ስትጋግርም ከጠበቀችው በላይ እንጀራ ከወጣላት፣ «ይህ ጤፍ በረከት አለው» ትላለች። ከጤፉ ወገን ብዛት ነው፤ ከእርሷ ወገን ግን የተቀበለችው ስጦታ ነው። «ባውንቲፉል» ሊል የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

መጽሐፍ ቅዱስም ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው የእንግሊዝኛ ትርጉም በ2ኛ ቆሮንቶስ 9፥6 ላይ «ባውንቲፉሊ» ባለበት ቦታ፣ የአማርኛው «በበረከትም የሚዘራ በበረከት ደግሞ ያጭዳል» ይላል። በግሪክኛው ያለው ቃል በቀጥታ ሲፈታ «በረከት» ስለሆነ፣ በዚህ ቦታ አማርኛው ከእንግሊዝኛው ይልቅ ለምንጩ ቀርቧል።

ተመሳሳይ ተብለው የሚደረደሩት ቃላት ሁሉ ግን እኩል አይደሉም። «ጀነረስ» ለሰው የሚነገር የተለመደ ቃል ሲሆን፣ በላቲን ሥሩ ከክቡር ዘር መወለድን ያመለክት ነበር። «ሙኒፊሰንት» ለከፍተኛ ስጦታ፣ ለምሳሌ ቤተ መጻሕፍት ወይም ሆስፒታል ለሚያሠራ ባለጸጋ ይስማማል። «ላቪሽ» ከልክ ማለፍን ስለሚያሰማ አንዳንዴ ነቀፋ አለበት። ከብዛት ወገን «አበንዳንት» የላቲን ሥሩ ማዕበልን ያነሣል፤ ከዳር አልፎ የሚፈስ ውኃ ነው። የእኛ «ተትረፈረፈ» ደግሞ ከ«ተረፈ» ወጥቶ፣ ሁሉም ከበላ በኋላ በሌማቱ ላይ የቀረውን ይመለከታል። ለእኔ ይህ ይበልጥ ለሰው የቀረበ ሥዕል ነው። «ፕለንቲፉል» ብዛትን ብቻ ይናገራል፤ ሰጪ መኖሩን አያስታውስም።

ተርጓሚ ሊጠነቀቅበት የሚገባ ቃል «ጥጋብ» ነው። ስለ ዘመን ሲነገር መልካም ነው፤ በዮሴፍ ታሪክ በግብፅ የመጡትን ሰባት መልካም ዓመታት የጥጋብ ዓመታት እንላለን። ስለ ሰው ሲነገር ግን ወዲያው ወደ ትዕቢት ያዘነብላል፤ «ጥጋበኛ» ስድብ እንጂ ምስጋና አይደለም። እንግሊዝኛውም የራሱ ጥላ አለው። እ.ኤ.አ. በ1707 መድረክ ላይ ከዋለ ተውኔት የተወሰደው «ሌዲ ባውንቲፉል» የሚለው ስያሜ፣ በተውኔቱ ውስጥ ጎረቤቶቿን የምትረዳ ባለጸጋ ሴት መጠሪያ ነበር፤ ኋላ ግን ከላይ ወደ ታች እያየች ለታይታ የምትመጸውት ሴት መጠሪያ ሆነ።

«ባውንቲ» ራሱ ዛሬ ሌላ ሥራም ይዟል። ተፈላጊን ለያዘ ወይም ለጠቆመ ሰው የሚከፈል ገንዘብ በዚሁ ስም ይጠራል፤ የሶፍትዌር ድርጅቶችም የደኅንነት ክፍተት ላገኘላቸው ባለሙያ የሚከፍሉት በዚህ ስም ነው። አማርኛ ለዚህ «ወሮታ» አለው፤ መታወቂያው የጠፋበት ሰው በየግድግዳው በሚለጥፈው ማስታወቂያ «ላገኘልኝ ወሮታውን እከፍላለሁ» የሚለው ይህንኑ ነው። ይህ ፍቺ ግን ወደ «ባውንቲፉል» አልተላለፈም። ስለዚህ ቃሉን በጽሑፍ ስናገኘው ክፍያን ወይም ሽልማትን ማሰብ አይገባም።