አስተዋጽኦ፦ ከጽሑፉ በፊት የሚሠራው ንድፍ

አስተዋጽኦ አንድ ጽሑፍ ምን እንደሚል፣ በምን ቅደም ተከተል እንደሚልና የት እንደሚያቆም ቀድሞ የሚያሳይ አጭር ንድፍ ነው። ቢጋር የሚሉትም አሉ። ቃሉን አብዛኞቻችን የምናውቀው ከአማርኛ ክፍለ ጊዜ ነው፤ መግቢያ፣ ሐተታ፣ መደምደሚያ። ያኔ ብዙዎቻችን ድርሰቱን ጽፈን ከጨረስን በኋላ ነበር ለማርክ ብለን አስተዋጽኦ የምናወጣለት።

ስለ ደሴ የሚጽፍ ሰው አስተዋጽኦ ሳይዝ ባይነሳ ይሻለዋል። እዚህ አንዱ ታሪክ ሌላውን ይጎትታል። የራሴን ልናገር። ስለ አይጠየፍ አዳራሽ ሁለት ገጽ ልጽፍ ቁጭ አልኩ። አዳራሹን ያሠሩት ንጉሥ ሚካኤል ናቸው። ንጉሥ ሚካኤል የልጅ ኢያሱ አባት ናቸው። ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ አባት ጦር ይዘው ወደ ሸዋ ዘመቱ፤ ጥቅምት 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ድል ሆነው ተማረኩ። አራተኛው ገጽ ላይ እኔም ሰገሌ ነበርኩ። አዳራሹ ደሴ ቀርቷል።

በሁለተኛው ሙከራ ከደብተር አንድ ቅጠል ቀደድኩ። ፒያሳ ጀበና ቡና አዝዤ ከላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ፦ «አይጠየፍ የግብር አዳራሽ ነው፤ ስሙም ይህንኑ ይናገራል።» ግብር ስል ቀረጡን ሳይሆን የንጉሥ ግብዣውን ነው። ከሥሩ አራት መስመር፦ ስሙ፣ ግብሩ፣ ሕንጻው፣ ዛሬ። ከጎን ትልቅ ክብ ሠርቼ «ሌላ ጊዜ» አልኩበት። ሰገሌ እዚያ ገባ። የ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤም ገባ። ጣሊያን በኅዳር 1928 ዓ.ም. ደሴን በአውሮፕላን መደብደቡም እንደዚያው። ሁለተኛው ስኒ ሳይመጣ ንድፉ አለቀ። የአስተዋጽኦ ትልቁ ሥራ ለእኔ ያ ክብ ነው።

አሠራሩ ብዙ ወግ የለውም። ርዕሱ ይጠባል፤ አንባቢው ማን እንደሆነ ይታሰባል፤ ለየአንቀጹ አንድ ኃይለ ቃል፣ ማለትም ዋና ሐሳቡን የሚይዝ ዓረፍተ ነገር፣ ይወጣል። መዘርዝሮቹ፣ ማለትም ዓመተ ምሕረቱ፣ ስሙ፣ ምሳሌው፣ ከሥሩ ይደረደራሉ። ኃይለ ቃል ኖሮት መዘርዝር ያጣ መስመር ካለ፣ ጸሐፊው ገና መጠየቅ ወይም ማንበብ ይቀረዋል ማለት ነው። ይህን መጻፍ ሳይጀምሩ ማወቅ ብዙ ድካም ያድናል። በስልክ ለሚነበብ ጽሑፍ ደግሞ ንዑስ ርዕሶቹ ብዙ ጊዜ ከእነዚሁ መስመሮች ይወጣሉ።

ልማዱ ከትምህርት ቤት ብቻ የመጣ አይደለም። የቅኔ ተማሪ ከጉባኤው ራቅ ብሎ፣ ብቻውን ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል። ሰሙንና ወርቁን፣ ምጣኔውን በልቡ ካደላደለ በኋላ ነው መጥቶ ለመምህሩ የሚነግረው። ወረቀት የለም፤ ንድፉ ያለው ጭንቅላት ውስጥ ነው።

ነድፎ መጻፍ እጁን የሚያስርበት ሰውም አለ። አብሽር፣ ለሱም መላ አለ። ዝም ብሎ ይጽፋል፤ ከዚያ በየአንቀጹ ኅዳግ ላይ አንቀጹ ያለውን በሁለት ሦስት ቃል ያሰፍራል። ሁለት አንቀጾች አንድ ዓይነት ቃል ካወጡ አንዱ ትርፍ ነው። ኅዳጉ ላይ የሚጻፍ ነገር ከጠፋ ደግሞ አንቀጹ ምንም አላለም። የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ እየወረዱ ሐሳባቸውን በስልክ በድምፅ የሚቀዱም አሉ፤ ያም ቢሆን ቤት ሲገባ ወደ መስመር መውረዱ አይቀርም።

ያቺን ቅጠል እስካሁን አልጣልኳትም። ቦሩ ሜዳ ከክቡ ወጥቶ ለብቻው ተጽፏል። ሰገሌ ተራውን እየጠበቀ ነው።